ማሊያው የማን ነው? ከአሰላ ወደ ኦጎልቾ ቁልቁል

አሰላ ያደረ ሰው ጠዋት ሹራብ ሳይደርብ ከቤት አይወጣም። እርስዎም ይደርቡ። ሚኒባሱ ጭላሎን ከኋላው ትቶ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲይዝ ግን መጀመሪያ መስኮቱን ይከፍታሉ፤ ትንሽ ቆይተው ሹራቡን አውልቀው ጭንዎ ላይ ያስቀምጡታል፤ ኦጎልቾ ሲወርዱ ደግሞ ይህን ሸክም ለምን እንደያዙ ራስዎን ይጠይቃሉ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኦጎልቾ 1,700 ሜትር እንኳ አትሞላም። ቁርስዎን በገብስና በስንዴ አገር በልተው ምሳዎን በግራርና በሽንኩርት አገር ይበላሉ።

ከአዲስ አበባ ወደ አርሲ የሚሄድ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ለሯጮቹ ነው። ልጆቹን ይዞ ኃይሌ ደብተሩን በክንዱ ሥር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሮጠበትን አገር ያሳያል፤ ጊዜ ካለው በቆጂ ድረስ ዘልቆ የደራርቱንና የቀነኒሳን አቀበት ይረግጣል። ጥሩ ነው፤ ያድርጉት። እኔ ግን ዛሬ የምጋብዝዎ ወደ ቁልቁለቱ ነው፤ ያውም በሯጮች አገር ስለ ኳስ ላወራዎ።

ኦጎልቾ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ምናልባት ሳያውቋት በልተዋት ይሆናል። አሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2004 ዓ.ም ከለቀቃቸው የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች አንዱ የዚችን ከተማ ስም ይዟል፤ ገበሬው “ኦጎልቾ ዘራሁ” ሲል ሰምተው ግር ካለዎት ነገሩ ይኸው ነው። ከተማዋ ራሷ ግን በስንዴ ብቻ አትኖርም። ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው የቀጠር ወንዝ በዚህ አካባቢ አልፎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ውሃ ባለበት ሁሉ ሞተር አለ፣ ሞተር ባለበት ሽንኩርትና ቲማቲም አለ። በበጋ ከሄዱ ጆሮዎን ይስጡ፤ ወፉና የውሃው ሞተር አብረው ሲጮሁ ይሰማሉ። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ፣ የአህያ ጋሪና ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ተራ ይጋፋሉ። ሆቴል ብዬ የማመሰግንልዎ ነገር የለም፤ ጠዋት ሄደው ማታ አሰላ ይመለሱ። ዓሣ ግን ይብሉ። የዝዋይ ቆሮሶ በርበሬና ሎሚ ብቻ በቂው ነው።

ሰላምታውን “አካም ጅርቱ” ብለው ይጀምሩ። በአማርኛ ቢቀጥሉም ፊቱ ሁሉ ይፈታልዎታል።

እኔ የሄድኩት አንድ ቅዳሜ ነው፤ ሐሳቤም ሐይቁን አይቶ መመለስ ነበር። ሻይ ልጠጣ የገባሁበት ቤት ግን ሐይቁን አስረሳኝ። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ሻይ ቤቶች ይህም ቤት ቅዳሜና እሑድ ኳስ ያሳያል። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተደግፏል፤ የአርሴናልና የማንችስተር ጨዋታ ሰዓት በነጭ ጠመኔ ተጽፏል። ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ “ከጨዋታው በፊት ስብሰባ አለ፤ ስለ ማሊያው” ይላል።

የቤቲቱን ባለቤት ጠየቅኳቸው። ሁሉም “አዴ” እያሉ የሚጠሯቸው ሴት ናቸው፤ ልጃቸው የሰፈሩ ቡድን በረኛ ነው። ብርጭቆ እያለቀለቁ ነገሩን አጫወቱኝ።

ከዚችው ከተማ የወጣ አንድ ሰው አለ። በልጅነቱ ጋሪ ይነዳ ነበር፤ ዛሬ የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ አዳማ ቤት፣ መንገድ ላይ መኪኖች አሉት። በየሠርጉ ብር ሲበትን የተቀረጸው ቪዲዮ በቲክቶክ ዞሮ እዚያ አካባቢ የማያውቀው ሕፃን የለም። እንግዲህ ይህ ሰው ለሰፈሩ ቡድን ሙሉ ማሊያ፣ ታኬታ፣ ሁለት ኳስና የጎል መረብ ገዝቼ፣ ለውድድር አሰላ የሚያደርስ መኪናም ችዬ እሰጣለሁ ብሏል። ሁለት ነገር ይፈልጋል። ቡድኑ በእሱ ስም ይጠራ፤ አሠልጣኙንም እሱ ይምረጥ።

“ታዲያ ምን ያጨቃጭቃል?” አልኳቸው። እንደ አዲስ አበባ ሰው መጠየቄ ነው።

“ማሊያው በምን ብር እንደሚገዛ ስለምናውቅ ነዋ።”

ባለፈው ዓመት ሽንኩርቱ ገና ማሳ ላይ እያለ ሰውየው ለብዙ ቤተሰብ ቀብድ ሰጠ። ለሞተሩ ናፍጣ፣ ለመሬቱ ማዳበሪያ ይገዛበት የነበረው ያ ብር ነው። ዋጋው ያኔውኑ ተቆረጠ። ምርቱ ሲነሳ የገበያው ዋጋ ወጣ፤ የተቆረጠው ግን ተቆርጧል። አዴም ከቀብድ ወሳጆቹ አንዷ ነበሩ። “እሱ ባይሰጠን ሽንኩርቱ ይደርቅ ነበር፤ ይህን አልክድም። እሱ ስለሰጠን ደግሞ ትርፉን ሳናየው ሄደ፤ ይህንንም አልረሳም” አሉኝ። ልጃቸው ግን ታኬታ የለውም። በሸራ ጫማ ነው ጎል የሚጠብቀው።

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ሐይቁን ተውኩት። ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።

ወጣቶቹ አንድ በአንድ መጡ። የቼልሲን ሰማያዊ የለበሰ፣ የአርሴናልን ቀይ የለበሰ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የብራዚል ቢጫ የለበሰ ነበር። የራሳቸውን ቡድን ማሊያ የለበሰ ማንም የለም፤ ቡድኑ ማሊያ የለውማ። ጥግ ላይ ጡረታ የወጡ መምህር ተቀምጠዋል፤ ሁሉም “ጋሼ” ይሏቸዋል፤ እጃቸው ላይ ጋዜጣ፣ ፊታቸው ላይ ትዕግሥት። ከአሰላ ለቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰቧ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ነበረች፤ በክርክሩ ከሁሉም የተሻለ የተዘጋጀችው እሷ እንደሆነች ቆይቼ ነው የገባኝ።

ቀድሞ የተናገረው ባለ ሰማያዊው ነው። “አብራሞቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ቼልሲን ሲገዛ ብሩን ከየት አመጣኸው ብሎ የተጨነቀ ደጋፊ አይቻለሁ? ዋንጫው መጣ፤ ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆንን።” ሆንን ነው ያለው። ኦጎልቾ ቁጭ ብሎ።

“በ2022ስ?” አሉ ጋሼ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ። “እንግሊዞች የሰውየውን ንብረት ሲያግዱ ቼልሲ አዲስ ቲኬት ለደጋፊው መሸጥ አልቻለም። ለአንድ ሰው ቁጣ ሁለት አገር ሲጣላ፣ ሜዳ መግባት ያቃተው ደጋፊው ነው።”

ከዚያ ነገሩ ወደ አገር ቤት ዞረ፤ መዞሩም አይቀርም ነበር። ስለ ክለብና ስለ ባለጸጋ ተነስቶ የሼህ መሐመድ አል አሙዲ ስም ሳይነሳ የሚያልቅ ክርክር በኢትዮጵያ አልሰማሁም።

በትክክል ለመናገር፣ ሼሁ ቅዱስ ጊዮርጊስን አልገዙትም። የክለቡ የክብር ፕሬዚዳንትና ትልቁ የገንዘብ ደጋፊ ሆነው ነው የቆዩት። በእኛ አገር ክለብ እንደ እንግሊዝ ገበያ ወጥቶ አይሸጥም፤ አብዛኛው የከተማ አስተዳደር፣ የባንክ፣ የመከላከያ፣ የመድን ነው፤ በሕዝብ ደጋፊነታቸው ጎልተው የሚታዩት ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ናቸው። ገንዘቡ ግን ስም አለው። ወልድያ ላይ በጥር 2009 የተመረቀው፣ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው ስታዲየም የእሳቸው ስም ነው የተጻፈበት። የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫም በ1998ና በ1999 ዓ.ም በእሳቸው ስፖንሰርነት ሲካሄድ በስማቸው ተጠርቷል። በ1998 ኪጋሊ ላይ ዋንጫውን ያነሳችው ኢትዮጵያ ስለሆነች ያኔ በስሙ የተከፋ ሰው ብዙም አላስታውስም። ዋንጫ አፍ ያዘጋል።

“ያ ነው የምልህ!” አለ ባለ ሰማያዊው። “ሸራተንን ሠሩ፣ ስታዲየም ሠሩ፣ ጊዮርጊስን ያዙ። ያለ እሳቸው ማን ይከፍል ነበር?”

“ሻኪሶም ጠይቅ እንጂ” አለ የአርሴናሉ። “ለገደምቢ ወርቅ ማውጫ አጠገብ የሚኖረው ሕዝብ ጤናችን ተጎዳ ብሎ ተነስቶ አይደለም በ2010 ፈቃዱ የታገደው? የኳሱ ብር ከዚያም የወጣ ሊሆን ይችላል። ደጋፊ ማሊያውን ሲለብስ ይህን ሁሉ አብሮ ይለብሳል።”

“ደጋፊው ምን አጠፋ?”

“ምንም። ግን አልተጠየቀም። ነገሩ እሱ ነው።”

በጥቅምት 2010 ሼሁ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ከመሳፍንቱና ከባለጸጎቹ ጋር ተይዘው፣ በጥር 2011 እስኪለቀቁ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተዋል። የሚያውቁት የጊዮርጊስ ደጋፊ ካለ ስለዚያ ዘመን ይጠይቁት። እኔ የጠየቅኩት አንዱ ወዳጄ “ሰውየውንም ቡድኑንም በአንድ ጸሎት ውስጥ ከተትኳቸው” ብሎኛል። የሚወዷቸው በእውነት ይወዷቸዋል፤ ለታመመ አሳክመዋል፣ ለወደቀ ደርሰዋል ይላሉ። የሚቃወሟቸው ደግሞ ከመንግሥት ጋር የነበራቸውን ቅርበት ያነሳሉ። ሁለቱም ወገን አንድ ጥላ ፎቅ ሥር ተቀምጦ ለአንድ ጎል ሊጮህ ይችላል።

ሁልጊዜ ግን አብሮ አይቀመጥም። እዚህ ላይ እኔም የማውቀውን አወጣሁ። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከ1976 ዓ.ም ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰባሰቡበት የኳስ በዓል እንዳላቸው ያውቃሉ። ከዳላስ፣ ከሲያትል፣ ከቶሮንቶ፣ ከየከተማው ቡድን ይመጣል፤ ኳሱ ሰበብ ነው፤ ሰው የሚሄደው ለክትፎው፣ ለዘፈኑ፣ ከ20 ዓመት በፊት አብሮት የተማረውን ሰው ለመፈለግ ነው። ያ በዓል በ2004 ክረምት ለሁለት ተከፈለ። ነባሩ ፌዴሬሽን ዳላስ ላይ አዘጋጀ፤ በሼሁ ገንዘብ የሚደገፈው አዲሱ ማኅበር በዚያው ሰሞን ዋሽንግተን አርኤፍኬ ስታዲየም ላይ አዘጋጀ። ከዚያ በፊት ማን በክብር እንግድነት ይጋበዝ፣ የማን ገንዘብ ይግባ በሚል ለወራት ተጨቃጭቀው ነበር። ዋሽንግተን የሚኖር የአጎቴ ልጅ ያን ሰሞን ስልክ ደውሎ የነገረኝን አልረሳውም። ስታዲየሙ ለቤቱ ቅርብ ነው፤ ጓደኞቹ ግን ዳላስ ናቸው። አርኤፍኬ ቢገባ ከአንዱ ወገን ሊቆጠር፣ ዳላስ ቢሄድ ከሌላው ሊቆጠር ነው። በመጨረሻ ሁለቱንም ትቶ ልጆቹን ይዞ መዋኛ ሄደ። “በዓመት አንድ ጊዜ ነበር አማርኛ የሚጮህበት ቦታ የምወስዳቸው” አለኝ። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ዛሬም ቢጠይቁ ሁለት መልስ ያገኛሉ። የልጆቹ ክረምት ግን አንድ ነበር፤ አለፈ።

ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ። አዴ ብርጭቆ ማለቅለቃቸውን አቆሙ።

ዝምታውን የሰበረው የብራዚሉ ባለ ቢጫ ነው። “እሺ፣ ኃይሌ ለምን ቡድን አይገዛም?” ሁሉም ሳቀ። በአርሲ ይህ ጥያቄ ቀልድም ቁም ነገርም ነው። ሰውየው ከሐይቁ ማዶ ዝዋይ ላይ ሳይቀር ሆቴል ሠርቷል፤ በየከተማው ገንብቷል። በዓለም አደባባይ የወርቅ ሜዳሊያ የለቀመ አውራጃ ስለ ኳስ ሲሆን ግን የሰው ማሊያ ለብሶ ይቀመጣል። የአዴ ልጅ በረኛው እስከዚያ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። “ሯጭ ባለቤት አያስፈልገውም” አለ፤ “እግሩ የራሱ ነው። እኛ ግን 11 ነን፤ ኳስም መረብም እንፈልጋለን።” ከዚያ ወዲህ ስለ አርሲና ስለ ኳስ የሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ ይህን አይበልጥብኝም።

ተማሪዋ የተነሳችው ይኼኔ ነው። ሬክሰም ስለሚባል የዌልስ ቡድን ተናገረች። ትንሽ የማዕድን ከተማ፣ አንጋፋ ክለብ፣ ባዶ ካዝና። ክለቡን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የያዙት ደጋፊዎቹ ራሳቸው በማኅበር ተደራጅተው ነበር። በ2020 ሁለት የፊልም ተዋንያን፣ ራያን ሬይኖልድስና ሮብ ማክኤልሄኒ፣ እንግዛችሁ ብለው መጡ፤ ሁለት ሚሊዮን ፓውንድም እናፈስሳለን አሉ። “ተዋናይ ምን ያውቃል? ለቲቪ ሊቀልዱብን ነው ያለ አልጠፋም” አለች። “ግን ተጠየቁ። አባላቱ ድምፅ ሰጡ። ድምፅ ከሰጡት 98 ከመቶ በላይ እሺ አለ። ከዚያም በተከታታይ ሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ ወደ ላይ አደጉ።”

“ስሙንስ ቀየሩት?” አሉ ጋሼ።

“አልቀየሩትም። ሬክሰም ነው።”

ጋሼ ጋዜጣቸውን አጠፉ።

በነገራችን ላይ የጀርመን ክለቦች ይህን በደንብ ጽፈው አስቀምጠውታል፤ ከጥቂቶች በቀር በሁሉም ክለብ ከግማሽ በላይ ድምፅ የአባላቱ ሆኖ ይቀራል፤ ባለጸጋ የቱንም ያህል ብር ይዞ ቢመጣ ያንን አይገዛውም። አሜሪካኖች ደግሞ በእጅ የሚጫወቱትን ኳስ “ፉትቦል” ይሉታል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ2009 ራሽ ሊምቦ የሚባል፣ በንግግሩ ብዙ ሰው ያስቆጣ የሬዲዮ ሰው የሴንት ሉዊስ ራምስን ለመግዛት ከተሰባሰቡት አንዱ ነበር። ተጫዋቾች በዚህ ሰው ሥር አንጫወትም አሉ፤ ጩኸቱ ሲበረታ የራሱ ሸሪኮች አስወጡት። እንግዲህ አንዱ ዘንድ ደጋፊ ይጠየቃል፣ አንዱ ዘንድ ተጫዋች ይጮሃል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ፊርማው ካለቀ በኋላ በዜና ነው። ይህ የእኔ ቅሬታ ነው፤ ጋሼ ላይ አላላክም።

ጋሼ ግን የራሳቸው ነበራቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ተምረዋል፤ እሑድ እሑድ ስታዲየም ካታንጋ ገብተው ያዩ ነበር። “ጊዮርጊስ በ1928 ሲመሠረት የአራዳ ልጆች ቡድን ነው” አሉ። “ጣሊያን ገባ፣ ስሙን ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አለው። ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ ሰው በዚያ ስም ተጫውቷል። ደርግ መጣ፣ ቡድኑ በቢራ ፋብሪካው ስም ተጠራ። ሬዲዮኑ ቢራ ይል ነበር፤ እኛ ካታንጋ ቁጭ ብለን ጊዮርጊስ! ስም የሚሰጠው ከፋዩ ነው፤ የሚጠራው ግን ሌላ ነው።”

“እና ይቀየር እያሉ ነው፣ ጋሼ?” አለ ባለ ሰማያዊው በተስፋ። “እኛ የድሮውን እንጠራዋለና!”

“አላልኩም። እነዚያ የተቀየረባቸው በግድ ነው። አንተ በታኬታ ልትቀይረው ነው።”

እዚህ ላይ የቤቱ ሳቅ ጎዳናው ድረስ ተሰማ፤ ባለ ሰማያዊው ራሱ ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱን ቋጥሮ ተነሳና እኔ ያልጠበቅኩትን ተናገረ። “ጋሼ፣ እርስዎ ካታንጋ ገብተው አይተዋል። እኛ አሰላ እንኳ ሄደን የምንጫወትበት የመኪና ብር የለንም። ባለፈው ውድድር ግማሾቻችን በአይሱዙ ሽንኩርት ላይ ተቀምጠን ነው የወጣነው። ብርድ ላይ አሰላ ስንደርስ እግራችን አልታዘዝ አለ፤ አራት ለዜሮ። ስሙን ይውሰደው። በስማችን አራት ገብቶብናል።”

ለዚህ መልስ የነበረው ሰው የለም። ጋሼም አልነበራቸውም። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በልቤ ስሙ አይሸጥ ካሉት ጋር ነበርኩ፤ ልጁ ሲቀመጥ እርግጠኛ አልነበርኩም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አባቶች። ሸራ ጫማም አያደምቅም።

የተናገሩት አዴ ናቸው። ቆመው፣ እርጥብ እጃቸውን በመቀነታቸው እያደረቁ። “ማሊያውን ልጄ ይልበስ” አሉ። “የእኔ ሽንኩርት ነው፤ ለምን አይለብስም? መርቆ ከሰጠን አመሰግነዋለሁ፤ በደረቱ ላይ ስሙን ይጻፍ፣ የቢራም የባንክም ይጻፍ የለም? ግን ቡድኑን ስሜ በለኝ ካለ ሁለተኛ ቀብድ ነው። አንድ ጊዜ ማሳ ላይ እያለ ዋጋ ቆርጦልናል። ልጆቹን ደግሞ ማሳ ላይ እያሉ አይቁረጥብን።”

ተማሪዋ ድምፅ ይሰጥ አለች። ማን ይስጥ በሚለው ሌላ ሩብ ሰዓት ሄደ። ተጫዋቾቹ ብቻ? ሜዳውን የሚያጸዱት ሕፃናትስ? ልብሳቸውን የሚያጥቡት እናቶችስ? በመጨረሻ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ እጁን እንዲያወጣ ተወሰነ፤ እኔ እንግዳ ስለሆንኩ ቆጣሪ ሆንኩ። ስጦታው ከነማሊያው ይቀበል፣ ስሙ ደረት ላይ ይሁን፣ የቡድኑ ስም የሰፈሩ ሆኖ ይቆይ፣ አሠልጣኙን ተጫዋቾቹ ይምረጡ የሚለው 23 እጅ አገኘ። ሁሉንም እንዳለው እንቀበል የሚለው 14። ባለ ሰማያዊው ከ14ቱ ጋር ነበር፤ ሲሸነፍ ግን ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ አለ፤ ጽሑፉ ከሁሉም ይሻላል አሉኝ። ጻፈውም። “የተከበሩ ወንድማችን” ብሎ ጀመረ።

ከዚያ ሁሉም የመጣበትን ረስቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። አርሴናል ሲገባበት የቼልሲው የጮኸው ጩኸት ለቡድኑ ስም ከተከራከረበት ድምፅ ይበልጥ ነበር፤ ኳስ እንዲህ ነው።

ፀሐይ ስትበርድ ሜዳው ወረድን። ሜዳው እዚያው ከከተማው ጫፍ ነው፤ ሄደው ቢያዩት አይቆጩም። በስተምሥራቅ ጭላሎ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ በስተምዕራብ ብርሃኑ ወደ ሐይቁ በኩል ይወርዳል። የጎሉ ቋሚ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ መስመሩ በአመድ ተሰምሯል። በሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን ልብሱን እንደለበሰ፣ ሌላው ከወገቡ በላይ ራቁቱን። የአዴ ልጅ በሸራ ጫማው ሁለት ጎል አዳነ፤ ሦስተኛው አለፈው። ልጆችዎን ይዘው ከሄዱ ኳስ ይዘው ይሂዱ፤ ወዲያው ያጫውቷቸዋል። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ግን ይጠይቁ።

አዴ የሻዩን ሒሳብ አልቀበልም አሉ፤ ስለቆጠርክ ነው አሉኝ። አምስት ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ ሹራቤን ደርቤ ሽቅብ ወጣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለበረኛው ደወልኩ። ሰውየው ለደብዳቤው መልስ አልሰጠም። ግን አንድ ማታ አይሱዙው ሜዳው ዳር ቆሞ ነበር አለኝ፤ ሾፌሩ አዲስ ኳስ ወርውሮላቸው ምንም ሳይል ሄደ።

“ስሙ አለበት?” አልኩት።

“አለበት። በእስክሪብቶ ነው የተጻፈው” አለኝ። “ጀምረንበታል፤ ግማሹ ለቋል።”